ሳይቃጠል በቅጠል
ስለ መብራት መሥመርና ስለ ክረምት ነፋስ

ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ሲመረቅ እኔም እንደ ብዙ ኢትዮጵያውያን እጅግ ደስ ብሎኛል። 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው ግድብ መሥራት ለማንኛውም ሕዝብ ኩራት ነው። ይሁን እንጂ ይህ ሁሉ ኃይል ረዥሙን መንገድ ተጉዞ ወደ ብዙዎቻችን ቤት የሚገባው በመጨረሻ በአንዲት የባሕር ዛፍ ምሰሶና በቀጭን ሽቦ ነው። ምሰሶዋ በነፋስ የወደቀች እንደ ሆነ ግድቡ ሞልቶ ቢፈስ ለዚያ ሰፈር ምን ይጠቅመዋል? ስለዚህ ኃይል ለማመንጨት የምናስበውን ያህል፤ ኃይሉን የሚያከፋፍለውን መሥመር ለማጠንከርም ማሰብ ይገባናል ብዬ አምናለሁ።

ክረምት ሲገባ መብራት የሚጠፋው በማን ላይ እንደ ሆነ እንመልከት። ለአገር አቀፍ ፈተና የሚዘጋጀው ተማሪ፤ በጤና ጣቢያ ሌሊት የምትወልደው እናት፤ ክትባት የሚቀመጥበት ማቀዝቀዣ፤ እህል ይዘው በወፍጮ ቤት ደጅ የሚሰለፉት ሴቶች ሁሉ ይጎዳሉ።

የመጥፋቱም ምክንያት ምሥጢር አይደለም። ከተማና ገጠር የሚያዳርሱት የ15,000 እና የ33,000 ቮልት መሥመሮች በአብዛኛው ያልተሸፈኑ ሽቦዎች ናቸው። ነፋስ ቅርንጫፍ ሲጥልባቸው ወይም እርስ በርሳቸው ሲያነካካቸው መሥመሩ ይቋረጣል። የእንጨት ምሰሶ ደግሞ የሚበሰብሰው ከአፈሩ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ነው፤ ከላይ ሲያዩት ጤነኛ ይመስላል፤ ዝናብ አፈሩን አርሶ ነፋስ ሲመታው ግን ይወድቃል። መብረቅም ትራንስፎርመር ያቃጥላል። መሥመሩ አንድ ብቻ ከሆነም፤ አንድ ቦታ ሲበጠስ ከዚያ ወዲያ ያለው ሁሉ ይጨልማል።

ይህ የድሀ አገር ችግር ብቻ አይደለም። በጃንዋሪ 2005 እ.ኤ.አ. ጉድሩን የተባለው ዐውሎ ነፋስ በደቡብ ስዊድን 75 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ያህል እንጨት ጣለ፤ ከ700,000 የሚበልጡ ደንበኞች መብራት አጡ፤ አንዳንድ የገጠር ሰዎችም ከአንድ ወር በላይ በጨለማ ቆዩ። ስዊድኖች ግን በማዘን ብቻ አልቀሩም። በጫካ ውስጥ ያልፍ የነበረውን ብዙ ሺህ ኪሎ ሜትር መሥመር መሬት ውስጥ ቀበሩ፤ መብራቱ ለ12 ሰዓትና ከዚያ በላይ ለሚጠፋበት ደንበኛ ካሣ እንዲከፈለው፤ ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮም ከዐቅም በላይ የሆነ ነገር ካላጋጠመ በቀር ከ24 ሰዓት በላይ እንዳይጠፋ በሕግ ደነገጉ።

«እንግዲያውስ እኛም ሁሉን እንቅበር» የሚል ይኖር ይሆናል። እኔ በዚህ አልስማማም። የሚቀበር ገመድ በምሰሶ ላይ ከሚዘረጋው ሽቦ ብዙ እጥፍ ገንዘብ ይጠይቃል፤ ሲበላሽም ብልሽቱን ፈልጎ ማግኘት አስቸጋሪ ነው። ለሆስፒታሎችና ለከተማ መካከል ይገባ ይሆናል፤ ለሌላው ግን በአነስተኛ ወጪ የሚሠራውን እናስቀድም። ይኸውም ዝናቡ ሳይበረታ ቅርንጫፎችን መመልመል፤ ምሰሶዎችን ከሥራቸው መርምሮ የበሰበሱትን በኮንክሪት ምሰሶ መለወጥ፤ ዛፍ በበዛበት ቦታ ሽፋን ያለው ሽቦ መዘርጋት፤ ለትራንስፎርመሮች የመብረቅ መከላከያ ማድረግ፤ አንዱ ሲቋረጥ ሌላው እንዲተካም መሥመሮችን ማገናኘት ነው።

እኛ ተማሪዎችም ድርሻ አለን። ከመሥመር ሥር ባሕር ዛፍ አንትከል፤ ያዘመመ ምሰሶ ስናይ ለሚመለከተው እናመልክት፤ የወደቀ ሽቦ በፍጹም እንዳይነኩ ታናናሾቻችንን እናስተምር። ወላጆቻችንም በየስብሰባው ስለ አዲስ መሥመር ሲጠይቁ፤ ስለ አሮጌው መሥመር እድሳትም አብረው ይጠይቁ ዘንድ አሳስባለሁ።

አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለዚህ ላለ ነገር ነው። ክረምት በየዓመቱ ወሩን ጠብቆ ይመጣል፤ ቀኑን አሳውቆ ለሚመጣ እንግዳ ቤትን ሳያሰናዱ መቆየት ነውር ነው።