ስልኩን ልከናል፤ ምክሩንስ?



በስደት የምንኖር እናቶች፣ ታላቅ እህቶችና አክስቶች ወደ አገር ቤት ከምንልካቸው ዕቃዎች መካከል እንደ ሞባይል ስልክ በጉጉት የሚጠበቅ የለም። ልብሱም ጫማውም ያረጃል፤ ስልኩ ግን ድምፃችንን ያደርሳል፣ ልጆቻችን ሲያድጉ ያሳየናል። በኢሞ ወይም በዋትሳፕ ፊታቸውን ያየንበት ምሽት የሳምንቱን ድካም ያስረሳናል። ነገር ግን ልጁ በዚያው ስልክ የሚገናኘው ከእኛ ጋር ብቻ አይደለም። በፌስቡክ፣ በቲክቶክና በቴሌግራም ከማያውቀው ሕዝብ ጋር አብሮ ይውላል። እዚያ የሚጽፈው፣ የሚቀርጸውና የሚሳደበው ሁሉ በስሙ ይቀመጣል።

አበው «ከአፍ የወጣ አፋፍ» ይላሉ። በስልክ የወጣ ደግሞ አፋፉን አልፎ ባሕር ይሻገራል። ልጁ መልሶ ቢያጠፋው እንኳ ሌላው ስክሪንሾት አንሥቶ አስቀምጦት ይሆናል። ነገ ሥራ ሲፈልግ ወይም ትዳር ሲያስብ ስሙን ጽፎ የሚፈልግ ሰው ያንኑ ያገኛል። ስለዚህ ልጆቻችን በስልክ ላይ መልካም ስም እንዲኖራቸው መርዳት የትምህርት ቤት ክፍያ ከመላክ የማያንስ ኃላፊነታችን ነው እንላለን።

«እስከ 18 ዓመቱ ስልክ ባይነካስ?» የሚሉ እህቶች አሉ። ስጋታቸው ይገባናል። ሆኖም በእኛ ኑሮ ስልኩ የእናትና የልጅ መገናኛ ድልድይ ነው። ብንከለክለውም ከጓደኛው ስልክ ያያል፤ ያን ጊዜ ደግሞ የሚመክረው ሰው አይኖርም። በመሆኑም ከመከልከል ማስተማር ይሻላል።

ትምህርቱ ከራሳችን ገጽ ይጀምር። ልጅ ከሚሰማው ምክር ይልቅ የሚያየውን ይከተላል፤ የእናቱንም ገጽ ደጋግሞ ይከፍታል። በአሠሪ ሳሎን ውስጥ ወይም በአሠሪ መኪና አጠገብ ተቁሞ የተነሣ ፎቶ ለጓደኛሞች ጨዋታ ሊሆን ይችላል። ለ15 ዓመት ልጅ ግን የስደት ማስታወቂያ ነው። «እናቴ የምትኖረው እንዲህ ከሆነ ትምህርት ምን ያደርግልኛል?» ያሰኘዋል። ደላላም በውስጥ መስመር የሚያጠምደው እንዲህ ልቡ የሸፈተውን ልጅ ነው። ዕድሜው 18 ያልሞላ ሰው ለውጭ አገር ሥራ መቀጠር በኢትዮጵያ ሕግ አይፈቀድም። ስለሆነም ለ16 ዓመት ልጅ «ሥራ አለልሽ» የሚል ሰው ከመነሻው ሕገ ወጥ መሆኑን ለልጆቻችን እንንገራቸው። የልጆችን ዩኒፎርም፣ የትምህርት ቤታቸውን ስምና የላክነውን ገንዘብም አደባባይ ላይ ባናወጣ መልካም ነው። «እናትህ ልካኝ ነው» ብሎ ለሚቀርብ አታላይ ይህ ሁሉ መረጃ ይሆነዋል።

ሁለተኛው ጉዳይ የዕድሜ ነገር ነው። ፌስቡክም ቲክቶክም ገጽ ለመክፈት ቢያንስ 13 ዓመት መሙላት ያስፈልጋል ይላሉ። ቲክቶክ እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ ከ16 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ገጽ ሲከፈት ለማያውቁት ሰው ዝግ እንዲሆን አድርጓል፤ የግል መልእክት መላላክንም አይፈቅድላቸውም። ኢንስታግራምም እ.ኤ.አ. በ2024 ለታዳጊዎች ተመሳሳይ ጥበቃ ጀምሯል። ይህ ሁሉ ግን የሚሠራው ትክክለኛው የልደት ዓመት ሲሞላ ነው። የእኛ ልጆች የልደታቸውን ዓመት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከጻፉት መተግበሪያው እንደ ፈረንጆች ዓመት ስለሚቆጥረው በ7 ወይም በ8 ዓመት ያስረጃቸዋል። የ14 ዓመቷ ልጅ በቲክቶክ ዘንድ የ21 ወይም የ22 ዓመት ወጣት ትሆናለች፤ ጥበቃውም ይቀርባታል። በሚቀጥለው ስልካችሁ «የልደት ዓመትሽን እንዴት ሞላሽው?» ብላችሁ ጠይቁ። ጥያቄዋ አጭር ናት፤ ጥቅሟ ግን ትልቅ ነው።

ሦስተኛው ከሁሉ ይበልጣል። ልጅን «ይህን አታድርግ፣ ያንን አትንካ» ማለት ብቻ አይበቃም። ምን መልካም ነገር ያውጣ? አያቷ መሶብ ሲሰፉ ቀርጻ ስፌቱን በራሷ ድምፅ የምታብራራ ልጅ ለራሷም ለአገሯም ታተርፋለች። የተበላሸ ሬዲዮ የሚጠግን፣ ሥዕል የሚሥል፣ በገና የሚማር ወይም የ8ኛ ክፍል ሒሳብን ለታናናሾቹ በአማርኛ የሚያስረዳ ልጅ ይህንኑ ቢያሳይ ነገ ስሙን የሚፈልግ ሰው ታታሪነቱን ያያል። እኛም ከዚህ ሆነን «በርታ፣ በርቺ» ብለን ብንጽፍላቸው ከብዙ ላይክ ይልቅ ደስ ይላቸዋል። በአንጻሩ የብሔር ስድብና የፈጠራ ወሬ የሚያጋራ ልጅ «እኔ አልጻፍኩትም፤ ያስተላለፍኩት ብቻ ነው» ቢል የሰው ልብ ከማቁሰል አይድንም። የጥላቻ ንግግርና ሐሰተኛ መረጃ ማሰራጨት በአዋጅ ቁጥር 1185/2012 የሚያስቀጣ ወንጀል መሆኑንም ሊያውቅ ይገባል።

ከጥንቃቄ ሁሉ በኋላ ክፉ ቀን ቢመጣስ? ወዳጅ መስሎ የልጆችን የግል ፎቶ ከተቀበለ በኋላ «ገንዘብ ካልላክሽ እበትነዋለሁ» የሚል ጨካኝ አለ። ወንዶች ልጆችም ይጠመዳሉ። በዚህ ጊዜ ልጁ ከአስፈራሪው ይልቅ የቤተሰቡን ቁጣ ስለሚፈራ ዝም ይላል፤ ዝምታው ደግሞ ለአስፈራሪው ጉልበት ይሆነዋል። ስለዚህ የመጀመሪያ ቃላችን «አይዞህ፣ አይዞሽ» ይሁን። ከዚያ ገንዘብ አለመክፈል፣ መልእክቶቹን ለማስረጃ ማስቀመጥ፣ ሰውየውን ማገድና ለፖሊስ ማመልከት ነው። በኢትዮጵያ የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 እንዲህ ያለውን ማስፈራራት ይቀጣል። «ቴክ ኢት ዳውን» የሚባል ነጻ አገልግሎትም አለ። ዕድሜው 18 ሳይሞላ የተነሣ ሰው የእርቃን ፎቶ በፌስቡክ፣ በኢንስታግራም፣ በቲክቶክና በሌሎች ተባባሪ ድርጅቶች እንዳይሰራጭ ይረዳል። ፎቶው ከልጁ ስልክ አይወጣም፤ የሚላከው የፎቶው መለያ ቁጥር ብቻ ነው።

«ይህን ሁሉ ከሩቅ እንዴት እናድርገው?» ትሉ ይሆናል። አብዛኞቻችን ስልክ የምንነካው ከሥራ በኋላ ነው፤ ማዳም የማትፈቅድላቸውም አሉ። ሆኖም በሳምንት 10 ደቂቃ ብዙ ይሠራል። ከ«በላህ ወይ? አጠናህ ወይ?» ቀጥለን «በዚህ ሳምንት ምን ለጠፍክ? ማን ጻፈልህ? ያስከፋህ ነገር አለ?» እንበል። ስለ ስልኩ የማናውቀውን እንዲያስተምሩን እንለምናቸው፤ ልጅ እናቱን ሲያስተምር ኩራት ይሰማዋል፤ ምሥጢሩንም ሳይሸሽግ ይነግራል። መደወል ለማይሆንላቸው ደግሞ በአገር ቤት አንድ የሚታመን ሰው፣ አክስት ወይም የሰንበት ትምህርት ቤት መምህር ይወከል። በእኛም መካከል ስልክ በደንብ የሚያውቁ ወጣት እህቶች እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ግማሽ ሰዓት ሰጥተው ሌሎችን ቢያስተምሩ ታላቅ አገልግሎት ነው።

የምንደክመው ልጆቻችን ከእኛ የተሻለ እንዲኖሩ ነው። የምንልከው ገንዘብ ያልቃል፤ ስም ግን ከመቃብር በላይ ይውላል። ልጆቻችን የሚያኮራ ስም እንዲሠሩ ዛሬ እንምከራቸው።

እግዚአብሔር በአገር ቤት ያሉትን ልጆቻችንን ይጠብቅልን፤ የስደታችንንም ዘመን ይባርክልን። አሜን።