የአንድ ዓመቱን ኢንተርንሺፕ ማን ይከፍለዋል?

ከአገና ልጅ ወደ አዲስ አበባ መላክ ዛሬ የተጀመረ ነገር አይደለም። የጉራጌ ልጅ ድሮም መርካቶ ዘመድ ሱቅ ገብቶ ሥራ ይለምድ ነበር። ደመወዝ ባይኖረውም ባለሱቁ ያበላዋል፣ ያሳድረዋል፤ ሲበረታም መነሻ ይሰጠዋል። (ጉልበት የበዘበዙም አልጠፉም።)

የዛሬው ለማጅ ዲግሪ ይዞ ነው የሚሄደው። የምህንድስና ተማሪ በትምህርቱ ላይ ሳለ ለአንድ ሴሚስተር ያህል ኢንተርንሺፕ ይወጣል፤ ይህ ውጤት የሚያዝበት ትምህርት ነው። ችግሩ ከምረቃ በኋላ «ዓመት ሥራና እናይሃለን» የሚለው ድርጅት ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀን እንዳይበልጥ ይከለክላል። ለትምህርትና ለሥልጠና የሚደረግ ውል ግን በአብዛኛው ከአዋጁ ውጭ ነው። «ኢንተርን» የሚለው ስም የሚፈለገው ለዚህ ነው፤ በ60 ቀን ማለቅ የነበረበት ፈተና ዓመት ይዘልቃል።

በዚያ ዓመት የቤት ኪራዩን፣ የታክሲውን፣ የምሳውን ማን ይሸፍናል? አገና ያለው ቤተሰብ! እናት ቆጮ ጠቅልላ በመኪና ትልካለች፤ አባት ለመስቀል ያሰበውን በሬ አስቀድሞ ይሸጣል። ልጁ ደንበኛ ሲያስተናግድ፣ ሪፖርት ሲሠራ ይውላል። ባለፎቁን ድርጅት የሚደጉመው የእዣ ገበሬ ነው ማለት ነው።

ልምምድ ይቅር የሚል የለም። ከ60 ቀን በኋላ የቋሚ ሠራተኛ ሥራ የሚሠራ ሁሉ ግን የቋሚ ሠራተኛ ደመወዝ ይከፈለው። እስከዚያ ቢያንስ ምሳና ትራንስፖርት ይቻልለት፤ የመርካቶው ባለሱቅ ያለ አዋጅም ያደርገው ነበር።