ለማዳም ሰማያዊ ነጥብ አልሰጥም

ባለፈው እትም አንዲት እህታችን «ሁሉም ነገር ያለው በማዳሟ ልብ ውስጥ ነው» ብላ ጽፋ ነበር። ለአዲስ መጪዎችም ምክር ሰጥታለች፦ ቀድመሽ ተነሺ፣ መልስ አትመልሺ፣ ልጆቿን ውደጂላት፣ ያኔ ልቧ ይራራል። ጽሑፉን አንብቤ ሁለት ቀን ሙሉ ወለል እየወለወልኩ ሳጉረመርም ዋልኩ። የጻፈችው ሴት ክፉ አይደለችም፤ ለስንቶቻችን የደረሰች ናት፣ እኔንም ታማሚ ሆኜ አስታማኛለች። ምክሯ ግን ስሕተት ነው። ስሕተትነቱን ቁልጭ አድርጎ ያሳየኝ ደግሞ፣ ሳቁብኝ ግዴለም፣ የቪዲዮ ጨዋታ ነው።

ጨዋታው ማስ ኢፌክት ይባላል። የሠራው ባዮዌር የሚባል የካናዳ ኩባንያ ነው፤ በፈረንጆቹ አቆጣጠር የመጀመሪያው ክፍል በ2007፣ ሁለተኛው በ2010፣ ሦስተኛው በ2012 ወጣ። እኔ ያገኘሁት እዚሁ ጁበይሃ ነው። ሰፈራችን የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የሞላበት አይደል? ትምህርቱን ጨርሶ የሚሄድ ሁሉ ምንጣፉን፣ ሶባውን፣ ድስቱን በርካሽ ሸጦ ነው የሚወጣው። ለጋራ ክፍላችን ምንጣፍ ልገዛ ሄጄ ያገለገለ ፕሌይስቴሽን ይዤ ተመለስኩ። የክፍል ጓደኞቼ ስድብ አጠጡኝ። እንግሊዝኛዬ የስምንተኛ ክፍል ስለሆነ አንዱን ንግግር ለመረዳት ስልኬን አሥር ጊዜ መነካካት ነበረብኝ፤ ዓርብ ዓርብ እያልኩ ሦስቱን ክፍል ለመጨረስ አንድ ዓመት ከመንፈቅ ፈጀብኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዘመኑ ወደፊት ነው፤ የሰው ልጅ ከሌሎች ከዋክብት ፍጥረቶች ጋር ተገናኝቷል። ሁሉም የሚገናኙበት ሲታዴል የሚባል የሰማይ ከተማ አለ፣ ከተማውንም የሚገዛ ምክር ቤት አለ። በምክር ቤቱ ወንበር ያላቸው አሳሪ፣ ቱሪያንና ሳላሪያን ናቸው። ሌላው ኤምባሲ ካገኘ ዕድለኛ ነው። አንቺ ሼፐርድ የምትባይ የጦር መኮንን ሆነሽ ትጫወቻለሽ፤ በየደረሽበት ምርጫ ይቀርብልሻል። ደግ መልስ ከሰጠሽ ሰማያዊ ነጥብ፣ ጨካኝ መልስ ከሰጠሽ ቀይ ነጥብ ይመዘገብልሻል።

መጀመሪያ ላይ እኔም ሰማያዊ ስለቅም ነበር። አንድ ቀን ሁለተኛው ክፍል ላይ አንድ ትርኢት ላይ ደረስኩ፤ ከዚያ በኋላ ነጥቡን ማመን አቃተኝ።

ቮለስ የሚባል አጭር ነጋዴ ገንዘብ የያዘች ቺፑ ጠፍታበት አንዲት ወጣት ላይ ይጮኻል። ልጅቷ ኳሪያን ናት። ኳሪያኖች አገራቸውን ያጡ ሕዝብ ናቸው፤ በመርከብ ላይ ይኖራሉ፣ ሰውነታቸው በሽታ ስለማይችል ከልብሳቸውና ከጭንብላቸው አይወጡም፣ በየሄዱበት ሌባ ይባላሉ። ፖሊስ አጠገባቸው ቆሟል። ማስረጃ የለም፤ ኳሪያን መሆኗ ራሱ ማስረጃ ነው። ሼፐርድ ሄዳ ስታጣራ ቺፗን ሱቅ ውስጥ ረስቷት ተገኘች። ታዲያ ይቅርታ ተጠየቀች? የለም። ፖሊሱ ጭራሽ ቋሚ አድራሻ ካልያዘች እንደሚያስራት ይነግራታል።

እዚህ ጋ ጨዋታውን አቁሜ ሻይ አፈላሁ። በመጀመሪያው ቤቴ የማዳም የወርቅ አምባር ጠፍቶ ነበር። እኔ ኩሽና ቆሜ ሻንጣዬ ሲገለበጥ፣ የውስጥ ልብሴ ሳይቀር አንድ በአንድ ሲራገፍ አየሁ። አምባሩ ከራሷ ካፖርት ኪስ ተገኘ። «አልሐምዱሊላህ» አለች፤ ለእኔ የተባለ ቃል አልነበረም። ማታ ግን አንድ ሰሃን ኩናፋ አመጣችልኝ። በዚህ ኩናፋ ምክንያት ያቺን ሴት ለዓመታት «ጥሩ ማዳም» እያልኩ አውርቼላታለሁ። እናንተስ የስንት ሰሃን ኩናፋ ዕዳ አለባችሁ?

በጨዋታው ሼፐርድ ለልጅቷ ተሟግታ ነጋዴውንና ፖሊሱን ታሳፍራለች፤ ሰማያዊ ነጥብ ይገባላታል። ማን ላይ ነው የተመዘገበው? ሼፐርድ ላይ። ልጅቷ እዚያው ናት፤ አድራሻ የላትም፣ ሥራ የላትም፣ ነገ ሌላ ቺፕ ሲጠፋ ሌላ ፖሊስ ይመጣል። ነጥቡ የሚለካው የባለሥልጣኗን ደግነት እንጂ የልጅቷን ኑሮ አይደለም። «ጥሩ ማዳም» የምንለውም ይኸው ነው። እኛ ነን ነጥቡን የምንመዘግብላት፣ ያውም በነፃ።

ቮለሱንም ልብ በሉት። የሲታዴልን የባንክ ሕግ የጻፈው የእሱ ወገን ነው፤ ኤምባሲ ካገኙ ዘመናት አልፈዋል፣ ወንበር ግን ተከልክለው ቱሪያን ጥላ ሥር ነው ያሉት። በላዩ ያለውን አይነካም፤ ከበታቹ ያለችው ላይ ይጮኻል። ይህንን እዚህ አማን ውስጥ አላየንም? የፊሊፒን መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2006 ለቤት ሠራተኛ ዜጎቹ የ400 ዶላር ወለል አስቀምጦ ነበር። እኛ ስንናደድ የተናደድነው በማን ነበር? በፊሊፒኗ። «ከእኛ ምን በልጣ?» አልን። በደሞዝ ከእኛ በታች ያለችውን የባንግላዴሽ ልጅ ደግሞ ሊፍት ውስጥ ሰላም ለማለት እንኳ እንጸየፋለን። ደሞዝን በፓስፖርት የሚተምነው ሥርዓት ቁጭ ብሎ ይስቃል።

እህታችን እንዲህ ትለኛለች ብዬ እገምታለሁ፦ «ታዲያ ደግ ልብ ምን ይጎዳል?» ደግ ልብ አይጎዳም። በደግ ልብ ላይ የቆመ ኑሮ ግን ልቡ የተቀየረ ቀን ይወድቃል። ክሮጋኖች የሚባሉትን እዩአቸው። ሳላሪያኖች ጠላት ሲበረታባቸው ክሮጋኖችን መሣሪያ አስታጥቀው እንዲዋጉላቸው አመጧቸው። ጦርነቱን አሸነፉላቸው። ከዚያ ክሮጋኖቹ በዙና ተፈሩ፤ ሳላሪያን የሠራውን በሽታ ቱሪያን ለቀቀባቸው፣ ከሺህ እርግዝና አንዱ ብቻ በሕይወት የሚወለድባቸው ሆነ። በሦስተኛው ክፍል መድኃኒቱ ሲገኝ ይሰጣቸው ወይስ በድብቅ ይበላሽ የሚለውን የምትወስነው ሼፐርድ ናት። የምታመነታው ነገር «ይገባቸዋል ወይ?» የሚል ነው። መውለድ ይገባቸዋል ወይ! እኔ ሳላመነታ ሰጠኋቸው፤ ግን አዝራሩ በእጄ መሆኑ ራሱ አሳፈረኝ።

ስለ እኛም ሌላው አዝራር ሲጫን አይተናል። በጥቅምት 2006 ዓ.ም. የአገራችን መንግሥት ለደኅንነታችን ሲል ወደ መካከለኛው ምሥራቅ የሥራ ጉዞ አገደ፤ እገዳው ዓመታት ቆየ። ልጆቹ መሄድ አላቆሙም፤ በሌላ መንገድ ሄዱ፣ ኮንትራትም ጠያቂም ሳይኖራቸው። ማንም «እናንተስ ምን ትላላችሁ?» ብሎ አልጠየቀም። ያገደው ሰው ምናልባት ሰማያዊ ነጥብ ተመዝግቦለት ይሆናል።

እስካሁን የጻፍኩትን አብዛኞቻችሁ በደስታ ታነቡት ይሆናል፤ ተበዳዮቹ እኛ ስለሆንን። አሁን ወደማይጥመው ልምጣ።

ኳሪያኖች አገራቸውን ያጡት እንዴት ነው? ጌት የሚባሉ ማሽኖች ሠርተው ነበር። በእኛ ጆሮ «ጌታ» ይመስላል፤ በኳሪያን ቋንቋ ግን ትርጉሙ የሕዝብ አገልጋይ ማለት ነው። (ሮቦት የሚለው ቃልም ከዚህ ቤት ነው፤ ካሬል ቻፔክ የሚባል የቼክ ጸሐፊ በ1920 በጻፈው ቲያትር ያስገባው፣ በአገሩ ቋንቋ ለጌታ የሚሠራ የግዴታ ሥራ ከሚል ቃል የተወሰደ ነው።) ጌቶች ያጭዳሉ፣ ይጠርጋሉ፣ ይሸከማሉ። አንድ ቀን አንዱ ጌት እኔ ነፍስ አለኝ ወይ ብሎ ጠየቀ። ኳሪያኖች ለጥያቄው መልስ አልሰጡም፤ ሁሉንም እናጥፋ አሉ። ጌቶቹ ተከላከሉ፣ አሸነፉ፣ ጌቶቻቸውም ተሰድደው ወደ ሦስት መቶ ዓመት በመርከብ ተንከራተቱ።

ታሊ የምትባል ኳሪያን አለች፤ የሼፐርድ ጓደኛ ናት፣ የምወዳትም እሷን ነው። በእነሱ ወግ ወጣት ሲደርስ ከመርከቡ ይወጣል፤ ለሕዝቡ የሚረባ ነገር ሳይዝ አይመለስም፣ ባዶ እጁን የመጣን የሚቀበል መርከብ የለም። ይህንን ስሰማ አለቀስኩ። ባዶ እጅ መመለስን የሚያውቅ ያውቀዋል። ይህችው ታሊ ግን ስለ ጌት ሲነሳ ድምጿ ይቀየራል። መሣሪያ ናቸው፣ እኛ የሠራናቸው ናቸው፣ ከተውናቸው ይገድሉናል ትላለች። በሲታዴል ሌባ ተብላ የምትሰደብ ሴት ናት ይህንን የምትለው። መበደል አላስተማራትም።

እሷን ስሰማ ልጅ ሆኜ ቤታችን የነበረችው ልጅ ትዝ አለችኝ። ከገጠር መጥታ እኛ ጋ ስትቀጠር ከእኔ በሁለት ዓመት ትበልጥ ነበር። ኩሽና መሬት ላይ ትተኛለች፤ እኛ በልተን ስንነሳ ትበላለች፤ ስትዘገይ እናቴ «ይቺ ሠራተኛ» ትላለች፣ ስም እያላት። እናቴ ደግ ሴት ናት። በዓል ሲመጣ ልብስ ትገዛላት ነበር። ኩናፋ ማለት ነው።

ሕጉም ከእናቴ ጋር ነበር። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ከአሠሪ ቤተሰብ ጋር የሚኖር የቤት አገልጋይን የሥራ ሁኔታ ለአሠሪው ኅሊና ነው የተወው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁም፣ በ2011 የታደሰው ቁጥር 1156 ሳይቀር፣ የግል አገልግሎት ቅጥርን ከሽፋኑ ውጭ አድርጎ ለብቻው ደንብ ይወጣለታል ብሎ አልፎታል። ዮርዳኖስን ስንረግም እንውላለን፤ ዮርዳኖስ ግን እ.ኤ.አ. በ2008 የቤት ሠራተኛን በሥራ ሕጓ ውስጥ አስገብታለች፣ በ2009 ደግሞ የሳምንት እረፍትን የሚያዝ ደንብ አውጥታለች። ይከበራል አላልኩም! ኢቃማው በከፊሉ እጅ እስካለ፣ ያለ ተናዙል ቤት መቀየር እስካልተቻለ፣ በየቀኑ የሚቆጠር ቅጣት እስከሚያስፈራን ድረስ ወረቀቱ ወረቀት ነው። ግን ቢያንስ «በደንብ የተሰጠኝ ዓርቤ ነው» ብዬ ልናገር እችላለሁ። አገሬ ያለችው ልጅ ምን ብላ ትናገር? «ኅሊናዎ እንዴት አደረ?»

ስለዚህ ማኅበራችን ለአዲስ መጪዎች ልብ የማራራት ትምህርት መስጠቱን ይተው ነው የምለው። ዓርብ ስንሰበሰብ ኮንትራቷን ይዛ ትምጣ፤ ዓረብኛውን አብረን እናንብብላት፤ የእረፍት ቀንና የሰዓት ቁጥር የት እንደተጻፈ ጣቷን አስይዘን እናሳያት። ፎቶ አንስታ ለቤተሰቧ ትላክ። ማዳሟ ደግ ከሆነች እሰየው፤ ደግ ካልሆነችም ያው ወረቀት ነው የሚያገለግላት።

በሦስተኛው ክፍል መጨረሻ አካባቢ ኳሪያንና ጌት ራኖክ በምትባለው የጋራ አገራቸው ላይ ይፋጠጣሉ። ሼፐርድ አንዱን መርጣ ሌላውን ታስጠፋለች፤ ሁለቱን ለማስታረቅ ቀደም ባሉት ክፍሎች የሠራችው ሁሉ ተደምሮ መብቃት አለበት። የእኔ በቃ፤ ታረቁ። ደስ አለኝ፣ ወዲያው ግን ተናደድኩ። የሁለት ሕዝብ ሰላም በእኔ ነጥብ? ነጥቤ ጎድሎ ቢሆንስ? እርቁ ውስጥ አንድ የወደድኩት ነገር ጌቶቹ አገር ለመጋራት ፈቃድ አለመለመናቸው ነው፤ ቀድሞውንም እዚያው ነበሩ፣ አገሩን ጠብቀው ያቆዩት እነሱ ናቸው።

ጨዋታውን በጨረስኩ ሳምንት እህቴ ጋ ደወልኩ። እናታችን ስላረጀች እኔ በምልከው ገንዘብ የምትጠብቃት ልጅ ቀጥረናል፤ ከወሎ ገጠር የመጣች ናት። «እረፍቷ መቼ ነው?» አልኳት።

«የምን እረፍት?»

«የሳምንት። እሁድ ትውጣ።»

እህቴ ሳቀች። «ወዴት ትሄዳለች? እዚህ ማንንም አታውቅ። ደግሞ ደላላ ያበላሻታል። ቤት ውስጥ ምን ጎደለባት?»

ከስምንት ዓመት በፊት እዚሁ ጁበይሃ በር ላይ በዓረብኛ የተነገረኝን ቃል በቃል ነበር የደገመችልኝ። ለእህቴ መልስ ለመስጠት ጊዜ ወሰደብኝ፤ የስልኩ ካርድ እያለቀ ነበር። በመጨረሻ፣ ልጅቷ እሁድ ካልወጣች የሚቀጥለውን ወር ገንዘብ አልልክም አልኳት። አኮረፈች። እናቴም ስልኩን ተቀብላ «ዓረብ አገር ሄደሽ ተበላሸሽ» አለችኝ።

እሁድ ልጅቷ ወጣች። በአሥር ሰዓት ተመለሰች አሉ። የት እንደዋለች እህቴ ጠይቃት አልነገረቻትም፤ እኔም እንዳትጠይቃት ነግሬያታለሁ።