ሽምግልና «አንተም ተው፣ አንተም ተው» ብቻ አይደለም



«ዕርቅ ደም ያደርቅ» ሲባል አድገናል፤ እውነት ነው። ነገር ግን ዕርቁ በቅጡ ሲሠራ ነው።

ባለፈው ክረምት ሁለት ጎረቤቶች በአጥር ድንበር ተጣልተው ለሽምግልና ተቀመጥን። እኔም አንዱ ሽማግሌ ነበርኩ። ቡና ተፈላ፤ «አንተም ተው፣ አንተም ተው» ብለን አስታረቅናቸው። አጥሩ የት ላይ እንደሚቆም ግን አልጻፍንም። እስክሪብቶው እኮ ኪሴ ውስጥ ነበር! ከሽማግሎቹ አንዱ የአንደኛው ወገን አበልጅ መሆኑም የተሰማው በኋላ ነው። ሁለት ወር ሳይሞላ ጠቡ አገረሸ። ጥፋቱ የእኛ የሽማግሎቹ ነው።

ዛሬ ማስማማት ሥልጠና የሚጠይቅ ሙያ ሆኗል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ዕርቅ ደንግጎ ነበር። በ2013 ዓ.ም. ደግሞ አዋጅ ቁጥር 1237 የግልግል ዳኝነትንና የዕርቅን አሠራር ወሰነ። በዚያው ዓመት የወጣው አዋጅ ቁጥር 1234 በፌዴራል ፍርድ ቤቶች ባለጉዳዮች በአስማሚ የሚነጋገሩበትን መንገድ አስገባ።

በደብረ ብርሃንም ሆነ በአንኮበር ሽማግሌ አላጣንም፤ ያጣነው ሥርዓት ነው። ስለዚህ በእኔ አስተያየት፦

1ኛ/ ዘመድ ወይም አበልጅ የሆነ ሽማግሌ አስቀድሞ ተናግሮ ይነሳ።

2ኛ/ ሁለቱም ወገኖች ሳይቸኮል ይደመጡ፤ ማንም በይሉኝታ መብቱን አይልቀቅ።

3ኛ/ ስምምነቱ ተጽፎ፣ ጮክ ተብሎ ተነቦ፣ በምስክር ፊት ይፈረም።

ጠለፋና አስገድዶ መድፈር ግን የሽምግልና ጉዳይ አይደለም፤ ለፖሊስ ነው። የልጅቱ በደል በሽማግሌ ጋቢ አይሸፈንም።

በዚህ የማይስማማ ካለ በሚቀጥለው ስብሰባ ይናገር፤ እንነጋገርበት።

የማኅበሩ ጸሐፊ