ስንት ተብሎ ይጻፍ?

ባለፈው ሁዳዴ ለመሥሪያ ቤት ጉዳይ ደቡብ ወሎ ነበርን። አራት ነን፤ አራታችንም ክርስቲያን፣ አራታችንም ጿሚ። ከደሴ በወልዲያ መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘን ሐይቅ ከተማ ለምሳ ስንቀመጥ ክርክር ተነሣ። የሐይቁ ዓሣ ተጠብሶ በአፍንጫችን ሥር ያልፋል። በጾም ዓሣ ይበላል ወይስ አይበላም? አንዱ ፍትሐ ነገሥት ጠቀሰ፣ ሌላው አያቱ ቤት ይበላ የነበረውን ጠቀሰ። ግማሽ ሰዓት ፈጀብን። በመጨረሻ ሽሮ አዘዝን፤ ኅሊናችንም አረፈ።

በማግስቱ ጠዋት ካደርንበት ስንወጣ ሒሳብ ተቀባዩ እስክሪብቶውን አንሥቶ "ስንት ተብሎ ይጻፍ?" አለን። አልጋው 600 ብር ነው። ወጪው ደግሞ በደረሰኝ የሚወራረድ ነው። "ሺህ አድርገው" አልን። በዚህ ላይ ክርክር አልተነሣም። ፍትሐ ነገሥትም የጠቀሰ የለም።

ሾፌራችን የዚያው አገር ሰው ነው፤ ሙስሊም፣ በዕድሜ አባታችን የሚሆን። መኪናውን እያስነሣ "ልጆች፣ ደረሰኙ አይጾምም እንዴ?" አለን። ሳቅን። እሱም ሳቀና "የኛም በረመዳን ያው ነው" ብሎ ከኀፍረቱ አወጣን። የወሎ ሰው እንግዳውን አሳፍሮ አይተውም። ነገሩ ግን እንደ ዓሣ አጥንት ጉሮሯችን ውስጥ ቀረ።

ሐይቅ እስጢፋኖስን ሳናይ አንመለስም ብለን ወደ ገዳሙ ሄድን። (የወንዶች ገዳም ስለሆነ አንዷ ጓደኛችን ከበር ቀረች።) አቡነ ኢየሱስ ሞዐ በ13ኛው መቶ ዓመት ያስተማሩበት፣ አቡነ ተክለ ሃይማኖትን የመሰሉ ደቀ መዛሙርት የወጡበት ቦታ ነው። ከገዳሙ ቅርሶች አንዱ በ1273 ዓ.ም. የተጻፈው የአቡነ ኢየሱስ ሞዐ ወንጌል ነው። እኛ አላየነውም፤ ስለሱ ያነበብነው ግን ሾፌራችን ከተናገረው ጋር ተገጣጠመብን። በዚያ ወንጌል ውስጥ የገዳሙ መጻሕፍትና ንብረት ተመዝግቧል። የአራቱ ወንጌላውያን ቃልና የገዳሙ ሒሳብ በአንድ ጥራዝ ውስጥ ማለት ነው።

ይህ የሐይቅ ብቻ ልማድ አይደለም። በድሮ አብያተ ክርስቲያናት የመሬት ስጦታው፣ የንዋየ ቅድሳቱ ቁጥር፣ የምስክሮቹ ስም በወንጌሉ ባዶ ገጾች ላይ ይጻፍ ነበር። በመጨረሻውም ብዙ ጊዜ ግዝት አለ፤ የሰረቀ ብቻ ሳይሆን ጽሑፉን የፋቀም የተወገዘ ነው። ልብ በሉ፣ የፋቀ! አሃዝ መለወጥ ማለት እኮ ነው። እነዚያ ሰዎች መዝገብ ቤት አጥተው ብቻ ይመስላችኋል? ብራና ውድ መሆኑ እውነት ነው። እኛ ግን ሌላም ነገር ይታየናል፤ በወንጌል ላይ የሚጻፍ ቁጥር ሲጻፍ እጅ ይንቀጠቀጣል። እኛ ሁለቱን ለያየናቸው። ወንጌሉ እሑድ፣ ደረሰኙ ሰኞ።

ወደ ሰሜን ስንቀጥል አምባሰል ገባን፤ ውጫሌ። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የተፈረመው ውል እዚህ ነው። አንቀጽ 17 በአማርኛው ንጉሡ ከአውሮፓ መንግሥታት ጋር ለሚያደርጉት ግንኙነት ጣሊያንን መጠቀም ይችላሉ ይላል፤ በጣሊያንኛው ግን ግዴታ ሆነ። በአንድ ነገር ላይ ሁለት ጽሑፍ። ዳግማዊ ምኒልክ በ1885 ዓ.ም. ውሉን አፈረሱ፤ ከሦስት ዓመት በኋላ ዐድዋ ሆነ። ይህን ታሪክ ስናወራ ሁላችንም ደማችን ይፈላል። "አጭበርባሪዎች!" አለ አንዳችን በመስኮቱ እያየ። የኪሱ ደረሰኝ 600ውን አልጋ ሺህ ይላል።

እርግጥ ነው፣ አበሉ አይበቃም። ኑሮው ተወዷል፣ በአዲስ አበባ የቤት ኪራይ የደመወዛችንን ወገብ ሰብሮታል። ይህን የሚክድ የለም። ግን አበል ካነሰ አበል አነሰ ብሎ በስማችን ፈርመን መጠየቅ ነበረብን፤ አንድም ቀን አልጠየቅንም፤ እስክሪብቶ ያዡን ማስቸገር ቀለለን። ቀበሌ ሄደን ጉቦ ስንጠየቅ ደግሞ "ይህች አገር!" የምንለው እኛው ነን። መስከረም 21 ሲመጣ እዚሁ አምባሰል፣ ግሸን ማርያም ለመውጣት ዕቁብ የምንጥለውም እኛው ነን።

አንድ ነገር እንጨምር፣ ብንደብቀው ይሻል ነበር። በመንገድ ዳር ለቤተ ክርስቲያን ሥራ ጃንጥላ ዘርግተው የሚለምኑ ካህን አገኘን። መኪናውን አስቁመን ሃምሳ ሃምሳ ብር ጣልን። ካህኑ መረቁን፤ "አሜን" አልን። ብሩ ከየትኛው ኪስ እንደወጣ ሾፌራችን ያውቃል፤ ያን ጊዜ ግን ምንም አላለም።

አዲስ አበባ ተመልሰን ሒሳብ ስናወራርድ አንድ ነገር ተገለጠ። ከበር የቀረችው ጓደኛችን ያን ጠዋት ከኛ ኋላ ቀርታ የራሷን ደረሰኝ በ600 አስጽፋ ኖሯል። አልነገረችንም። ሦስቱ የሺህ ደረሰኞች ያለ ጥያቄ አለፉ። የሷ ተመለሰ። "በአንድ ማረፊያ፣ በአንድ ሌሊት፣ ያንቺ ለምንድን ነው ያነሰው? በጽሑፍ አብራሪ" ተባለች።

ምን ብላ ትጻፍ? እውነቱን ብትጽፍ እኛን ማጋለጥ ነው። ይኸው ሁለት ሳምንት ሆነ፣ ወረቀቱ ጠረጴዛዋ ላይ ባዶውን ተቀምጧል። እኛም በአጠገቧ ስናልፍ አንገታችንን ደፍተን ነው።