«አብሽሪ፣ ሒጃብ አለሽ፣ ማን ያየዋል?»



አምና ዊዝድሮዋል ሞልቼ ከግቢ የወጣሁት አንገቴ ላይ የወጣው እብጠት ሆጅኪን ሊምፎማ የሚባል የሊምፍ ዕጢዎች ካንሰር መሆኑ ስለተነገረኝ ነው። በወጣትነት ዕድሜ ከሚታዩ የካንሰር ዓይነቶች አንዱ ነው። አልሐምዱሊላህ፣ ኬሞቴራፒውን ጨርሼ ዘንድሮ ተመልሻለሁ። በዚህ ሁሉ ጊዜ ከእህቶቼ ደጋግሜ የሰማኋትን አንዲት ንግግር ግን ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም፦ «አብሽሪ፣ ሒጃብ አለሽ፣ ማን ያየዋል?»

ክፋት አስበው እንዳልተናገሩት አውቃለሁ። ንግግሩም ግማሽ እውነት አለው። ፀጉር የሌለው ራስ ይዤ ታክሲ ስሳፈር ማንም ዞር ብሎ አላየኝም፤ ለዚህም አላህን አመሰግናለሁ። ነገር ግን ሒጃብ የሚሸፍነን ከባዕድ ዓይን ነው። ዶርም ስንገባ እናወልቀዋለን፤ ስድስት ልጆች በአንድ መስታወት እንጠቀማለን፤ ለየሰላቱ ውዱእ ስናደርግ ራሳችንን በእርጥብ እጅ እናብሳለን። ችግራችን እዚህ ላይ ይመስለኛል፦ ፀጉሩ ስለማይታይ ሕመሙንም ረሳነው፤ ሕመምተኛዋንም አብረን ረሳናት።

በመጀመሪያ ነገሩን እንወቀው። ኬሞቴራፒ በፍጥነት የሚባዙ ሕዋሳትን ያጠቃል። የካንሰር ሕዋሳት በፍጥነት ይባዛሉ፤ የፀጉር ሥር ሕዋሳትም እንደዚሁ። መድኃኒቱ ሁለቱን ለይቶ አያውቅም። ሁሉም የኬሞ መድኃኒት ፀጉር አያረግፍም፤ እኔ ከወሰድኳቸው አንዱ የሆነው ዶክሶሩቢሲን የተባለው ቀይ መድኃኒት ግን ከሚያረግፉት ነው። ብዙውን ጊዜ ከመጀመሪያው ሕክምና ሁለት ወይም ሦስት ሳምንት በኋላ ይጀምራል። ከራስ ፀጉር ጋር ቅንድብና ሽፋሽፍትም ሊሄዱ ይችላሉ፤ እነሱን ደግሞ ሒጃብ አይሸፍናቸውም።

ፀጉሬ መመለሱን መጀመሪያ ያወቀው እጄ ነው። ሕክምናው ካበቃ ሁለት ወር ገደማ ሆኖት፣ ለፈጅር ውዱእ ሳደርግ መዳፌ ላይ እንደ ጫጩት ላባ የለሰለሰ ነገር ተሰማኝ። መብራት አብርቼ ብፈልገው በዓይን ለመታየት ገና ነበር። አልቅሼ ሰገድኩ።

ያ ለስላሳ ፀጉር ቀስ በቀስ በሌላ ይተካል። የራስ ፀጉር በወር አንድ ሴንቲ ሜትር ገደማ ስለሚያድግ በአንድ ሰሚስተር ውስጥ ከጣት ርዝመት ብዙም አያልፍም። ደግሞም የሄደው ፀጉር ራሱ ላይመለስ ይችላል። ሉጫ የነበረው ተጠቅልሎ፣ ከርዳዳው ለስልሶ፣ ወፍራሙ ሳስቶ ሊወጣ ይችላል። ለፀጉር ቀለም የሚሰጡት ሕዋሳት ዘግይተው ሲነቁ ደግሞ ግራጫ ወይም ሽበት ሆኖ ይወጣል። የፀጉሩ ሥር እያገገመ ስለሆነ ነው። በአብዛኛው ሰው ላይ ይህ ለውጥ ጊዜያዊ ነው፤ ከወራት እስከ ዓመትና ከዚያም በላይ ቆይቶ ወደ ቀድሞው ይጠጋል። አዲሱ ፀጉር እንደወጣ የሚቀርባቸውም አሉ። እንደ ዶሴታክሴል ያሉ መድኃኒቶችን ከወሰዱት ደግሞ ጥቂቶቹ ፀጉራቸው ሳስቶ ይቀራል።

እኔ ድሮ ወገቤ የሚደርስ ሹሩባ ነበረኝ። አሁን ያለኝ እንደ ግልገል ፀጉር ጥቅልል ያለ አጭር ፀጉርና በ21 ዓመቴ ግንባሬ ላይ የወጣ ሽበት ነው።

ይህ ፀጉር ሲወጣ ነው ሁለተኛው ስህተታችን የመጣው። «ማሻአላህ፣ ፀጉርሽ በቀለ! በቃ ድነሻል!» ተባልኩ። ደስታቸው ከልብ ነበር። ሆኖም የፀጉር መመለስ የሚናገረው መድኃኒቱ ፀጉርን ማጥቃት ማቆሙን ብቻ ነው። በሽታው መጥፋቱን የሚናገረው የሐኪም ምርመራ ነው፤ ክትትሉም ለዓመታት ይቀጥላል። ፀጉሬ ሁለት ሴንቲ ሜትር በደረሰበት ሳምንት ሦስተኛ ፎቅ ያለው ክፍላችን ለመድረስ ሁለት ጊዜ ደረጃው ላይ እቀመጥ ነበር። ያነበብኩት ገጽ አይገባኝም ነበር። ግን «ድናለች» ስለተባለ ኖት የሚይዝልኝ ቀረ፤ ዚያራውም ቆመ። ፀጉሬ ሲረግፍ ስላልታየ አልተጠየቅኩም፤ ሲበቅል ስለታየ መጠየቄ ቀረ።

ወንድሞችንም ይመለከታል። ሕክምና ላይ የነበረ አንድ ወንድማችን ጺሙ ረግፎበት ሰላት ላይ ሲመጣ፣ አንዱ በሰው ፊት «ምነው ሱንናውን ላጨኸው?» ብሎ መከረው። ልጁ መልስ አልሰጠም፤ ለሳምንታት ግን ጀመዓ ላይ አልታየም። ሑስኑ ዘን እያልን በየደዕዋው የምንሰማው ትምህርት ለእንዲህ ያለው ቀን ካልሆነ ለመቼ ነው?

«ፀጉር ነው እኮ፣ ሶብር አድርጊ» ለሚሉኝም መልስ አለኝ። ዲናችን የሕመምተኛን ራስ እንደ ቀላል ነገር አላየውም። በ6ኛው ዓመተ ሂጅራ፣ በሑደይቢያ፣ ከዕብ ኢብን ዑጅራ (ረ.ዐ) ኢሕራም ላይ ሳሉ ቅማል ከራሳቸው እስከ ፊታቸው ይወርድ ነበር። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) አዩአቸው፣ እያስቸገራቸው እንደሆነም ጠየቋቸው። ከዚያ ፀጉራቸውን እንዲላጩና ፊድያ እንዲያወጡ ፈቀዱላቸው። ስለዚሁ በሱረቱል በቀራህ አንቀጽ ወርዷል። የአንድ ሰው ራስ መቸገር ለኡማው ሁሉ ሕግ የወረደበት ጉዳይ ሆነ። እኛ ደግሞ መጠየቁ ከበደን። ሶብርም ቢሆን እንባን አይከለክልም፤ ነቢዩላህ ያዕቁብ (ዐ.ሰ) ዓይናቸው እስኪነጣ ያዘኑት መልካም ሶብር ይዘው ነው።

ስለዚህ ለጀመዓችን ሦስት ነገር አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ዚያራችን ፀጉር በቀለ ብሎ አይቁም። ከሕክምና የተመለሰች እህት ወይም የተመለሰ ወንድም ቢያንስ የመጀመሪያውን ዓመት ኖት የሚይዝላቸው፣ በቀጠሮ ቀን ሆስፒታል አብሯቸው የሚሄድ ሰው ይመደብ። ማኅበሩ ሕመምተኞች በምስጢር የሚያናግሯቸው አንዲት እህትና አንድ ወንድም ቢሰይም ወጪ የለውም።

ሁለተኛ፣ ሴቶች ውዱእ የምናደርግበት ቦታ ላይ ዓይናችንን እንሰብስብ። «ፈረንጅ መሰልሽ»፣ «እስኪ ልንካው» አይባል። ንግግር ከፈለግን «ዛሬ ምን ላግዝሽ?» ትበቃለች።

ሦስተኛ፣ የዶርም ፈትዋና የዶርም ሕክምና ይቅር። ሽበቴን አይታ ጥቁር ሒና የገዛችልኝ እህት አለች፤ አላህ ይመንዳት። ግን «ጥቁር ሒና» ተብሎ የሚሸጠው ብዙ ጊዜ ቆዳ የሚያቃጥል ኬሚካል ይቀላቀልበታል፤ ከኬሞ በኋላ ደግሞ የራስ ቆዳ ስስ ነው። ለቀለምና ለሪላክሰር ስድስት ወር ያህል መታገሥ በሐኪሞች ዘንድ የተለመደ ምክር ነው። ስለ ዊግም እንዲሁ። ፀጉርን በፀጉር መቀጠል በሐዲስ መከልከሉን ሁላችንም እናውቃለን። በበሽታ ፀጉሯን ላጣች ሴት ዊግን በተመለከተ ግን የዑለማዎች አስተያየት አንድ አይደለም። ጠያቂዋን ወደ ሚያውቅ ኡስታዝ ምሯት እንጂ በቴሌግራም በተገኘ አንድ መስመር «ሐራም ነው» ብላችሁ አትመልሷት።

ዛሬ ጠዋትም ለውዱእ ራሴን ሳብስ ያው ጥቅልል ፀጉር እጄን ኮረኮረኝ። እንደ ድሮው ይሁን አይሁን አላህ ያውቃል፤ እኔ ለምጄዋለሁ። የሚቀጥለው ቀጠሮዬ ከሚድ ፈተና በፊት ነው። ዱዓችሁ አይለየኝ፤ የሚመቻት እህት ካለችም አብራኝ ብትሄድ ደስ ይለኛል።

አላህ ለሕመምተኞቻችን ሁሉ ሺፋውን ይስጥልን። ወሰላሙ ዐለይኩም።