ፎቶግራፍ አንሺ ወደ አራስ ቤት ከመግባቱ አስቀድሞ

ስለ አራስ ምግብና ስለ ክርስትና ድግስ ወጪ ከዚህ ቀደም በዚህ ዓምድ ጽፈናል። ዛሬ ከእነዚሁ ጋራ የሚዛመድ፥ ነገር ግን አባቶቻችን ሊያስቡበት ያላስፈለጋቸውን አንድ ጉዳይ እናነሣለን፤ ይኸውም አዲስ የተወለደን ሕፃን በቤቱ ሳለ ፎቶግራፍ ስለ ማስነሣት ነው። በደብረ ብርሃንና በአንኮበር ካሉ ወዳጆቻችን መካከል ልጅ ሲወለድላቸው ፎቶግራፍ አንሺ ወደ ቤታቸው የሚያስመጡ አሉ፤ ‹ቤታችንን እንዴት እናሰናዳ?› ብለው የጠየቁንም አሉ። ጥያቄው ቀላል ይመስላል። ነገር ግን የተዘጋ ክፍል፥ የደጋ ብርድ፥ የደከመች አራስና የ10 ቀን ሕፃን ባንድነት በተገናኙበት ቤት ጥንቃቄ የማያሻው ነገር ጥቂት ነው።

ፎቶግራፍ የማንሣት ጥበብ በፈረንሳይ አገር ለዓለም የተገለጠው በ1831 ዓ.ም. ነው። ሁለት ዓመት ቆይቶ፥ በ1833 ዓ.ም.፥ ሻምበል ሐሪስ የሚባል የእንግሊዝ መንግሥት መልእክተኛ ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ አንኮበር ሲመጣ በርናትዝ የሚባል ጀርመናዊ ሠዓሊ አስከትሎ ነበርና የዚያን ዘመን የሸዋን መልክ ከእርሱ ሥዕሎች እናያለን። ኋላ በዐፄ ምኒልክ ዘመን ቤድሮስ ቦያጂያን የሚባሉ አርመናዊ የቤተ መንግሥቱ ፎቶግራፍ አንሺ ሆኑ፤ ሥራውንም ልጆቻቸው ወረሱት። ከጥንቶቹ የኢትዮጵያውያን ልጆች ፎቶግራፎች መካከል ግን እጅግ የታወቀው በሀገራችን ምድር የተነሣ አይደለም። የዐፄ ቴዎድሮስ ልጅ ልዑል ዓለማየሁ፥ መቅደላ በ1860 ዓ.ም. ከወደቀ በኋላ፥ የ7 ዓመት ሕፃን ሳለ ወደ እንግሊዝ አገር ተወሰደ፤ እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅም በጉዞው መካከል ዐረፉ። በዚያው ዓመት ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን የምትባል ስመ ጥር ፎቶግራፍ አንሺ በዋይት ደሴት አነሣችው። ካነሣቻቸውም በአንዳንዶቹ ላይ ባጠገቡ ያለው ሞግዚቱ ሻምበል ስፒዲ ነው። በጥበብ ረገድ ሥዕሎቹ ነቀፋ የለባቸውም። የሚያሳዝነው በልጁ አጠገብ እናት ወይም አያት ወይም ዘመድ የሚባል ሰው አለመኖሩ ነው።

ይህን ያነሣነው ያለ ምክንያት አይደለም። ልዑሉን ከዘመዶቹ የለየው የጦርነት ግፍ ነበር፤ በዛሬው ቤት ግን ማንም ሳያስገድደን ሕፃኑን ለብቻው በቅርጫት አስተኝተን እናቱን ‹እስቲ ፈቀቅ በይ› የምንልበት ጊዜ አለ። እንግዲህ ማንኛውም የቤት ዝግጅት በመጀመሪያ ሕፃኑንና እናቱን ያስብ፤ ሥዕሉ ከዚያ በኋላ ይምጣ።

ፎቶግራፍ አንሺዎች እንደሚሉት ጨቅላ ሕፃን ለሥዕል የሚመቸው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ነው፤ በዚያ ወራት እንቅልፉ የከበደ፥ ሰውነቱም በማሕፀን እንደ ነበረ የተሰበሰበ ነውና። በእኛ ዘንድ ደግሞ ወንድ ልጅ በ40 ቀን፥ ሴት ልጅ በ80 ቀን ክርስትና እስኪነሡ ድረስ አራስና ሕፃን ከቤት አይወጡም። እነዚህ ሁለቱ ነገሮች የሚጣሉ መስለው የሚታዩአቸው ሰዎች አሉ፤ ለእኛ ግን አይጣሉም። ሕፃኑን ከቤት አውጥቶ በደብረ ብርሃን ነፋስ ወደ ፎቶግራፍ ቤት ከመውሰድ ይልቅ ፎቶግራፍ አንሺው ወደ ቤት ቢመጣ ልማዱም ይከበራል፥ ልጁም ከብርድ ይድናል። የሚመጣውም ሰው እንደ ማንኛውም አራስ ጠያቂ ‹እንኳን ማርያም ማረችሽ› ብሎ ይግባ፤ እጁን በሳሙና ይታጠብ፤ በትራሱ ሥር ቢላዋ ወይም ሌላ ብረት ቢያገኝ የአያቶች ጥንቃቄ ነውና አይሣቅ፥ ለሥዕሉም ብሎ ሳያስፈቅድ አያንሣ። ሕፃኑ አጠገብ ስለት ማኖር የሚያሰጋቸው ወላጆች ቢኖሩ ግን ራሳቸው አያቲቱን በአክብሮት አስረድተው ራቅ ያድርጉት። ሴት ፎቶግራፍ አንሺ ከተገኘች አራሲቱ ይበልጥ ትዝናናለች።

አሁን ከሁሉ ወደሚበልጠው ነገር እንድረስ። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,700 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱን ውርጭ ይጥላል። አንኮበርም በገደሉ አፋፍ ላይ ስላለች ነፋስና ጉም አያጣትም። ሕፃን ልብሱ ወልቆ ይነሣ ከተባለ ቤቱ መሞቅ አለበት፤ በሀገራችንም ቤት ይሙቅ ሲባል ፈጥኖ የሚታሰበው የከሰል ማንደጃ ነው። በር ተዘግቶ፥ መስኮቱ በጨርቅ ተወትፎ፥ ፍሙ በክፍሉ መካከል ይቀመጣል። ይህ የሞት መንገድ ነው። ከሰል ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል አየር ይወጣዋል፤ ይህም አየር ሽታ የለውም፥ መልክ የለውም፥ ዐይንንም አያቃጥልም። ‹ጭሱ እስኪያልቅ በውጭ አቀጣጥለን፥ ፍሙን ብቻ ነው ያስገባነው› የሚሉ ብዙዎች ናቸው፤ ነገር ግን ጭስ የሌለው ፍምም ይህንኑ አየር ያወጣል። አየሩን የሚተነፍስ ሰው ራሱን ያመዋል፥ ያቅለሸልሸዋል፥ ድካም ድካም ይለዋል፤ አራስም ብትሆን ‹የወሊድ ድካም ነው› ተብሎ ይታለፋል። ሕፃኑ ደግሞ ፈዞ ሲያንቀላፋ ፎቶግራፍ አንሺው ‹እንዴት ጸጥ ያለ ልጅ ነው› ብሎ ደስ ይለው ይሆናል።

ስለዚህ ማንደጃ ወደዚያ ክፍል ከቶ አይግባ። ቤቱን በሌላ መንገድ ማሞቅ ይቻላል። ከቤቱ ክፍሎች ጠባቡንና ፀሐይ የምትገባበትን መምረጥ፥ ሥራውንም ውርጩ ከተነሣ በኋላ፥ ከጧቱ 4 ሰዓት ገደማ መጀመር ነው። የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ያለው ሰው ከመጋረጃና ከአልጋ ልብስ አርቆ አስቀድሞ ያብራው። የሌለው ሙቅ ውሃ በጠርሙስ ሞልቶ፥ በጨርቅ ጠቅልሎ፥ ሕፃኑ የሚተኛበትን ስፍራ ያሙቀው፤ ልጁ ከመተኛቱ በፊት ግን ጠርሙሱን ያንሣ። ይህም ሁሉ ካልሆነ ልጁን ልብሱን አለማውለቅ ነው። የሕፃን ሰውነት ሙቀት ከ36.5 ዲግሪ በታች ሲወርድ ሐኪሞች ብርድ መትቶታል ይላሉ፤ እጅና እግሩ ቀዝቅዞ፥ ደረቱም ሲዳሰስ ከቀዘቀዘ ሥራው ወዲያው ይቁም፥ ልጁም በእናቱ ገላ ላይ ይታቀፍ። ከእናት ደረት የተሻለ ማሞቂያ በየትኛውም ሱቅ አይሸጥም። በመንዝ የሚሠራው የበግ ጠጕር ባና ለሥዕል እጅግ ያምራል፤ ለጨቅላ ገላ ግን ይሻክራልና ከሥሩ የታጠበ ለስላሳ ነጠላ ይነጠፍለት።

ሁለተኛው ችግር ከደግነታችን የሚመጣ ነው። እንግዳ ሲገባ ቡና ይፈላል፤ ቡና ከተፈላ ዕጣን ይጤሳል፤ ጎረቤትም ይጠራል። በሹማምንት ቤት ደግሞ ጠያቂው ስለሚበዛ ፎቶግራፍ አንሺው የሚገባበት ሰዓትና የጠያቂዎች ሰዓት ይገጣጠማል። የቡናው ቁሌትና የዕጣኑ ጭስ ለትልቅ ሰው ሽቱ ነው፤ ለ10 ቀን ሕፃን ሳንባ ግን ጭስ ያው ጭስ ነው። ቡናው በሌላ ቤት ወይም በደጅ፥ ሥራው ካለቀ በኋላ ይፈላ፤ ዕጣኑ ለክርስትናው ቀን ይቆይ። ሳል ወይም ጉንፋን ያለበት ሰው፥ የልጁ አጎትም ቢሆን፥ ወደ ክፍሉ አይግባ። ‹አጎቱን እንዴት እንከለክላለን?› የሚል ቢኖር፥ አጎትየው በክርስትናው ዕለት መሃል ላይ ይቁም እንላለን።

ስለ ብርሃን ብዙ የምንለው የለንም። በቀድሞ ዘመን በድንጋይ የተሠሩት የሀገራችን ቤቶች ግድግዳቸው ወፍራም፥ መስኮታቸው ጠባብ ነውና እናቲቱ በመስኮቱ ጎን ብትቀመጥ ይበቃል፤ የአንኮበር ጉም እንኳ ብርሃኑን ስለሚያለዝበው ለዚህ ሥራ ይረዳል። የመሣሪያው ብልጭታ የልጁን ዐይን ያጠፋል የሚባለው ወሬ እውነት አይደለም፤ ግን ያስደነግጠዋልና ባይደረግ ይሻላል።

በእጅ ስልክ ላይ ከሩቅ አገር የሚመጡ ሥዕሎችን አይቶ ‹የእኛንም እንዲህ አድርግልን› ማለት ተለምዷል። ሕፃኑ አገጩን በሁለት እጁ ላይ አስደግፎ የተቀመጠበት ሥዕል ከእነዚህ አንዱ ነው። ይህን ያየ ሁሉ ልጁ ራሱን ችሎ የተቀመጠ ይመስለዋል። ነገሩ እንዲህ አይደለም፤ አንድ ሰው የልጁን ራስ ደግፎ ይነሣል፥ ሌላ ጊዜ ደግሞ እጁን ደግፎ ይነሣል፥ ከዚያ ሁለቱ ሥዕሎች ባንድ ይገጠሙና የደጋፊው እጅ ይደመሰሳል። የጨቅላ አንገት ራሱን አይችልምና በቤት ውስጥ ይህን መሞከር ልጅን ለጉዳት መስጠት ነው። ዐይኑን መኳልም አይገባም፤ በአንዳንድ ኩል ውስጥ ለሕፃን መርዝ የሆነ እርሳስ ይገኛልና። ጸጥ እንዲል ተብሎ ቅቤ ማዋጥም እንዲሁ ይቅር፤ ልጁ ጡት ጠብቶ ሲጠግብ በራሱ ያንቀላፋል። ቢያለቅስ ሥራው ይጠብቀዋል እንጂ እርሱ ሥራውን አይጠብቅም። የልጁ ዐይንና ገላ ቢጫ ሆኖ ቢታይ ደግሞ ፎቶግራፍ አንሺው ‹ቀለሙን በኋላ አስተካክለዋለሁ› ማለቱ አያጽናናን፤ ሥዕሉን ትቶ ልጁን ወደ ጤና ጣቢያ መውሰድ ነው።

እናትን በተመለከተ ብዙ ሴቶች ‹ፊቴ አብጧል፥ ጠጕሬ አልተሠራም፥ እኔን ተዉኝ› ይላሉ። ባሎችም ‹ካልፈለገች ትቅር› ብለው ያልፋሉ። እኛ በዚህ አንስማማም። ጠጕሯን የምትሠራላት እኅት ወይም ጎረቤት በዋዜማው ትጠራ፤ ነጭ ቀሚስና ነጠላ ይዘጋጅላት፤ ተቀምጣ ልጇን በምታጠባበት ወይም ባቀፈችበት ሁኔታ፥ ፈቃዷ በሆነው መጠን ትነሣ። ከዕድሜያችን ሰዎች መካከል እናቱ በወጣትነቷ ምን ትመስል እንደ ነበረ የሚያሳይ አንድ ወረቀት የሌለው እጅግ ብዙ ነው፤ ልጁ 40 ዓመት ሲሞላው የሚፈልገው የቅርጫቱን ጌጥ አይደለም።

የአያቶች ሥጋት ደግሞ አለ። ‹ገና ማተብ ያላሰረ ልጅ ለሰው ዐይን አይሰጥም› ይላሉ፤ የሕፃኑንም ፊት በነጠላ ይሸፍናሉ። ከእነርሱ ጋራ በአራስ አልጋ አጠገብ መከራከር ለማንም አይበጅም። አያቲቱ አጥብቀው ከከለከሉ ከክርስትናው በፊት የልጁ እጅና እግር በእናቱ መዳፍ ውስጥ ሆኖ ይነሣ፥ ፊቱ ግን በ40 ወይም በ80 ቀኑ፥ ከክርስትና አባቱ ወይም ከክርስትና እናቱ ጋራ ይነሣ። በቤተ ክርስቲያን ውስጥ ለማንሣት አስቀድሞ ካህናቱን ማስፈቀድ ይገባል። ሥዕሉን በስልክ ለሩቅ ሰው ሁሉ መበተን እናቲቱ ሳትፈቅድ አይደረግ፤ በዚህ ረገድ የአያቲቱ ጥንቃቄ ከእኛ ከተማርነው ቸኰላ ሳይሻል አይቀርም። ከሁሉ ይልቅ እኒያው አያት ራሳቸው ልጁን አቅፈው እንዲነሡ መለመን ነው፤ ‹አይሆንም› ብለው ከጀመሩ በኋላ ነጠላቸውን ሲያስተካክሉ የሚታዩ ብዙዎች ናቸው።

በመጨረሻ ከሥራችን ጠባይ የተነሣ የምናውቀውን እንጨምር። በፍርድ ቤት መዝገብ ውስጥ የውርስና የልጅነት ክርክር ሲነሣ ተከራካሪዎች ፎቶግራፍ ይዘው ይመጣሉ። የልደት መዝገብ ከሌለ ልጁ በቤተ ሰቡና በጎረቤቱ ዘንድ እንደ ልጅ ይቈጠር እንደ ነበረ ይመረመራልና ሥዕል ሊረዳ ይችል ነበር። ነገር ግን አብዛኛው በጀርባው አንድ ፊደል የለበትም። ሕፃኑ ማን ነው? ያቀፈችውስ? መቼ? አንዱ ምስክር ‹ታላቁ ነው› ይላል፥ ሌላው ‹ታናሹ ነው› ይላል፤ ጨቅላ ሁሉ ይመሳሰላልና ዳኛው ምን ይፍረድ?

ስለዚህ ሥዕሉ በወረቀት እንደ ታተመ የልጁ ስም፥ የተወለደበት ቀንና ስፍራ፥ የተነሣበት ቀን፥ በሥዕሉ ያሉት ሰዎች ሁሉ ስም ከነዝምድናቸው በለስላሳ እርሳስ፥ ሳይጫኑ፥ በጀርባው ይጻፍ፤ የክርስትና ስሙም በኋላ ይጨመር። በስልክ ብቻ የቀረ ሥዕል ስልኩ ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የወሳኝ ኩነት ምዝገባ አዋጅ ልደት በ90 ቀን ውስጥ እንዲመዘገብ ደንግጓል። ሴት ልጅ በ80 ቀን ክርስትና ስትነሣ ከዚህ ውስጥ የሚተርፈው 10 ቀን ብቻ ነው፤ በድግሱ ድካም ላይ ያሉ ወላጆች እንዳይዘነጉት አባትየው ፎቶግራፍ አንሺውን በሚቀጥርበት ሳምንት ወደ ቀበሌው ጽሕፈት ቤት ብቅ ብሎ ጉዳዩን ቢጨርስ መልካም ነው። የልደት ምስክር ወረቀቱና አንድ ቅጂ ሥዕል ባንድ ፖስታ ሆነው ከቤቱ ሰነዶች ጋራ ይቀመጡ፤ ሌላው ቅጂ ለአያቲቱ ይሰጥ።